ማቆየት ወይስ ማማሰል? የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ፈሳሽ፣ ሙቀትና ጊዜ

በትኩስ ሻይ ብርጭቆ ውስጥ ስኳር ጨምረን ሳናማስል ብንጠጣ የመጀመሪያው ፉት መራራ፣ የመጨረሻው ግን ከመጠን በላይ ጣፋጭ ይሆንብናል። ስኳሩ በብርጭቆው ውስጥ አለ፤ ያልተዳረሰው ግን በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ማንኪያውን ጥቂት ጊዜ ብናዞር ችግሩ በቅጽበት ይወገዳል። ሳናማስል ብንጠብቅስ? ሻዩ ከመቀዝቀዙ በፊት ስኳሩ በራሱ ጊዜ ተዳርሶ አይደርስልንም። ከዚህ ተራ ትዝብት ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንድ ድብልቅ «ደረሰ» የሚባለው መቼ ነው? የመድረሻ ጊዜውንስ ለማሳጠር የሚሻለው ማማሰል ነው ወይስ ማሞቅ?

በአሜሪካና በአውሮፓ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ፈሳሽን በቤታቸው የሚቀምሙ ሰዎች ይህንኑ ጥያቄ ዘወትር ያነሣሉ። እነርሱ ፈሳሹን ከቀመሙ በኋላ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት በጨለማ ቦታ ያቆዩታል። መጠበቁ ሲሰለቻቸው ደግሞ ጠርሙሱን በሙቅ ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፉታል። በዚህ ጽሑፍ «ማቆየት» በሚባለው ተግባር ውስጥ ምን እንደሚከናወን፣ ሙቀት የትኛውን ሂደት እንደሚያፋጥን እንመለከታለን። ነገሩ ተራ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ትምህርት ቢመስልም፣ ውጤቱ በቀጥታ ወደ ሳንባ የሚገባ በመሆኑ ቀላል ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ፈሳሹ ከምን ይሠራል?

ዛሬ የምናውቀው ዓይነት የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ በ2003 እ.ኤ.አ. ሆን ሊክ በተባለ ቻይናዊ የመድኃኒት ባለሙያ የተፈለሰፈ ነው። መሣሪያው ትምባሆ አያቃጥልም፤ በባትሪ ኃይል የሚግል ሽቦ ፈሳሹን ወደ ጭጋግነት ይለውጠዋል። ፈሳሹ በዋናነት አራት ነገሮችን ይይዛል፤ እነርሱም ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ግሊሰሪን፣ ጣዕም ሰጪ ቅመምና በአብዛኛው ኒኮቲን ናቸው። ግሊሰሪንን አንባቢው ከመድኃኒት ቤት ተገዝቶ ለቆዳ ማለስለሻ ሲውል ያውቀዋል። ፕሮፒሊን ግላይኮል ከእርሱ ይልቅ ቀጭን ነው፤ ለመድኃኒትና ለምግብ ቅመሞች አሟሚ ሆኖ ያገለግላል።

በቤት ውስጥ የመቀመም ልማድ ከዋጋ ጋር የተያያዘ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጣውና ከ2016 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው መመሪያ፣ ኒኮቲን ያለበት ፈሳሽ ከ10 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ ጠርሙስ እንዲሸጥ፣ የኒኮቲኑም ጥንካሬ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ20 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ወስኗል። ጥሬ ዕቃዎቹን ለየብቻ በብዛት ገዝቶ ራሱ ለሚቀምም ሰው ግን ወጪው በእጅጉ ይቀንሳል። በአገራችን የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ለገበያ እንዳይቀርብ ከልክሏል። ስለሆነም የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ማንንም ወደ ድርጊቱ መጋበዝ ሳይሆን፣ በውስጡ ያለውን ሳይንስ መመርመር ነው።

በአንድ ስም የተጠሩ ሁለት ሂደቶች

ቀማሚዎቹ «ፈሳሹ እስኪደርስ ማቆየት» ሲሉ አንድ ነገር የሚናገሩ ይመስላቸዋል። በእርግጥ ግን በጠርሙሱ ውስጥ ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ሂደቶች ይካሄዳሉ። የመጀመሪያው ፊዚካዊ ነው፤ የተለያዩት ፈሳሾች ሞለኪውሎች እርስ በርሳቸው ተሰራጭተው በጠርሙሱ ውስጥ አንድ ወጥ ድብልቅ ይፈጥራሉ። ሁለተኛው ኬሚካዊ ነው፤ አንዳንዶቹ ሞለኪውሎች ከሌሎች ጋር ወይም ከአየር ኦክስጅን ጋር አጸግብረው ቀድሞ ያልነበሩ አዳዲስ ውሁዶችን ይፈጥራሉ። ሁለቱ ሂደቶች በአንድ ጠርሙስ ውስጥ በአንድ ጊዜ ስለሚከናወኑ ለመለየት ያስቸግራሉ። ሆኖም የመጀመሪያውን የሚያፋጥነው ሁሉ ሁለተኛውን ማፋጠን የለበትም። የጽሑፋችን ዋና ነጥብም ይኸው ነው።

ፊዚካዊው ሂደት፤ የዝልግልግነት እንቅፋት

በ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የውኃ ዝልግልግነት 1 ሚሊ ፓስካል ሰከንድ ያህል ነው። የፕሮፒሊን ግላይኮል ከ50 በላይ ሲሆን የግሊሰሪን ግን 1,400 ያህል ይደርሳል። ግሊሰሪኑ 70 እጅ፣ ፕሮፒሊን ግላይኮሉ 30 እጅ የሆነ የተለመደ ድብልቅ በግምት የውኃን 500 እጥፍ ያህል ዝልግልግነት ይኖረዋል ማለት ይቻላል። ብርዝ ሲበረዝ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ማሩ በውኃ የሚሟሟ ቢሆንም በማሰሮው ግርጌ ተኝቶ ይቆያል፤ በእጅ ታሽቶ ወይም ተማስሎ ካልሆነ በቀር ቶሎ አይዋሃድም።

ሞለኪውሎች ያለ ምንም ማማሰል፣ በራሳቸው የማያቋርጥ እንቅስቃሴ ብቻ የሚያደርጉት ስርጭት ዲፊዩዥን ይባላል። ለዚህ ስርጭት የሚያስፈልገው ጊዜ በሚሸፈነው ርቀት ካሬ መጠን ያድጋል። ርቀቱ በእጥፍ ቢጨምር ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል፤ ርቀቱ አሥር እጥፍ ቢሆን ጊዜው መቶ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ትናንሽ ሞለኪውሎች በውኃ ውስጥ ያላቸው የዲፊዩዥን መለኪያ በሰከንድ የአንድ ሜትር ካሬ አንድ ቢሊዮንኛ ያህል ነው። ይህን መነሻ አድርገን፣ ስርጭቱ ዝልግልግነት በጨመረበት ልክ ይዘገያል ብለን ብናሰላ የሚከተለውን ግምት እናገኛለን።

በውኃ ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር ለመጓዝ ሁለት ሳምንት ያህል ያስፈልጋል። 500 እጥፍ በሚዘለገለገው ድብልቃችን ውስጥ ግን ለዚያው 5 ሴንቲ ሜትር ወደ 20 ዓመት ገደማ ያስፈልጋል! ርቀቱ 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጊዜው ወደ 3 ቀን ይወርዳል። የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ቢሆን ደግሞ 40 ደቂቃ ያህል ይበቃል።

እነዚህ ቁጥሮች ግምት ቢሆኑም የሚያስተምሩት ነገር ግልጽ ነው። ማማሰል ሞለኪውሎችን በቀጥታ አያዋህድም፤ ፈሳሹን እየጎተተና እያጠፈ ወደ ስስ ድርብርቦች ይከፋፍለዋል። የድርብርቦቹ ውፍረት ባነሰ መጠን ዲፊዩዥን የሚሸፍነው ርቀት ይቀንሳል፤ ጊዜውም በካሬው መጠን ያጥራል። ጠርሙሱን ሁለት ሦስት ጊዜ ነቅንቆ የተወው ሰው የሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸውን ድርብርቦች ትቶ ከሆነ፣ ቀሪውን ለመጨረስ ቀናት ቢያስፈልጉት አያስደንቅም። በሚገባ ያማሰለ ሰው ግን ያንኑ ሥራ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጨርሳል። «ማቆየት» ከሚባለው ጊዜ ከፊሉ እንግዲህ በቂ ያልሆነ ማማሰል የሚያስከፍለው ዕዳ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ እምነት ማረም ያስፈልጋል። ግሊሰሪን፣ ፕሮፒሊን ግላይኮልና ኒኮቲን በማናቸውም መጠን እርስ በርሳቸው የሚዋሃዱ ፈሳሾች ናቸው። አንድ ጊዜ በሚገባ ከተዋሃዱ ከባዱ ወደ ታች፣ ቀላሉ ወደ ላይ ተመልሶ አይለያይም። በአንጻሩ ገና ከጅምሩ ካልተዋሃዱ ኒኮቲኑ በአንዱ የጠርሙስ ክፍል ተከማችቶ ሊቀር ይችላል። እንደ ሻዩ ስኳር ሁሉ አንዱ ሙሌት ደካማ፣ ሌላው እጅግ ጠንካራ ይሆናል። ልዩነቱ ግን ስኳር ምላስን ሲያጣፍጥ፣ ኒኮቲን መርዝ መሆኑ ነው።

ኬሚካዊው ሂደት፤ በጠርሙሱ ላይ ያልተጻፉ ውሁዶች

ብዙዎቹ ተወዳጅ መዓዛዎች አልዲሃይድ ከሚባለው የኬሚካል ወገን ናቸው። የቫኒላ መዓዛ ቫኒሊን፣ የቀረፋ መዓዛ ሲናማልዲሃይድ፣ የለውዝና የቼሪ መዓዛ ቤንዛልዲሃይድ ይባላል። ሲትራል ደግሞ የሎሚን መዓዛ የሚሰጥ ሲሆን፣ በጓሯችን የሚበቅለው የጠጅ ሣር ዘይትም ዋነኛ ክፍል ነው። አልዲሃይዶች ከፕሮፒሊን ግላይኮል ጋር ሲገናኙ አሴታል የተባለ አዲስ ውሁድና ውኃ ይሰጣሉ። አጸግብሮቱ በክፍል መጠነ ሙቀትም ይካሄዳል።

በአሜሪካ የየልና የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ይህንን በግልጽ አሳይቷል። መጠኑ እንደ አልዲሃይዱ ዓይነት ቢለያይም፣ ከመዓዛ ሰጪው ጉልህ ድርሻ ያለው ክፍል ወደ አሴታልነት ተለውጦ ተገኝቷል። ከተፈጠሩትም አሴታሎች ከ50 እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት ሳይበላሹ ወደ ጭጋጉ አልፈዋል። ከዚህም በላይ አሴታሎቹ በአተነፋፈስ መስመር ላይ ያሉትን የማቃጠልና የመኮርኮር ስሜት የሚቀበሉ የነርቭ ተቀባዮች ከመነሻዎቹ አልዲሃይዶች ይልቅ አብዝተው ይቀሰቅሳሉ። በጠርሙሱ ላይ «ቫኒሊን» ተብሎ ቢጻፍም፣ ተጠቃሚው የሚተነፍሰው ቫኒሊንንና በመለያው ላይ ስሙ ያልተጠቀሰ ሌላ ውሁድን ነው።

ሁለተኛው ኬሚካዊ ለውጥ ኦክሲዴሽን ነው። የተቆረጠ ፖም አየር ላይ ሲቆይ እንደሚጠቁር ሁሉ፣ ኒኮቲንም ኦክስጅንና ብርሃን ሲያገኙት ቀለም ከሌለው ፈሳሽነት ወደ ቢጫነት፣ ከዚያም ወደ ቡናማነት ይለወጣል። በዚህ ጊዜ ከኒኮቲኑ ከፊሉ ወደ ኒኮቲን ኦክሳይድና ወደ ሌሎች ውሁዶች ተቀይሯል። ቀማሚዎቹ ብዙውን ጊዜ የፈሳሹን መጥቆር የመብሰል ምልክት አድርገው ይወስዱታል። በኬሚስት ዓይን ግን ቀለሙ የሚያበስረው ብስለትን ሳይሆን መለወጥን ነው፤ ለውጡም መልካም መሆኑን ቀለሙ አይነግረንም።

ታዲያ ጣዕሙ በጊዜ ብዛት ይለሰልሳል የሚለው አስተያየት መሠረት የለውም ማለት ነው? አይደለም። በቅመሞቹ ውስጥ አሟሚ ሆኖ የገባው አልኮል ክዳኑ ሲከፈት በከፊል ይተናል፤ የሚወጋ ጠረኑም ይቀንሳል። ኃይለኛ መዓዛ ያለው አልዲሃይድ ወደ አሴታል ሲለወጥ የመዓዛው ጥንካሬ መቀነሱም ሌላው ምክንያት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ለሰለሰ» የሚባለው ጣዕም ከፊሉ በአየር የተነነ፣ ከፊሉም ወደ ሌላ ነገር የተለወጠ ቅመም ውጤት ነው።

ሙቀት አይመርጥም

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ፈሳሹን ብናሞቀው ምን እናተርፋለን? የግሊሰሪን ዝልግልግነት በ20 ዲግሪ 1,400 ያህል መሆኑን አይተናል። በ40 ዲግሪ ወደ 280፣ በ60 ዲግሪ ደግሞ ወደ 80 ይወርዳል። ይህ ማለት በ40 ዲግሪ አምስት ጊዜ፣ በ60 ዲግሪ አሥራ ሰባት ጊዜ ያህል ይቀጥናል፤ በዚያው መጠንም ለመዋሃድ ይቀልለዋል። ማሞቅ የሚወዱ ሰዎች የሚያዩት ይህን ብቻ ነው።

በሌላ በኩል ኬሚስቶች ለግምት የሚጠቀሙበት አንድ የታወቀ ሕግ አለ። ብዙ አጸግብሮቶች መጠነ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ፍጥነታቸው በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። በዚህ ሕግ መሠረት ከ20 ወደ 40 ዲግሪ መውጣት አጸግብሮቱን አራት ጊዜ፣ ወደ 60 ዲግሪ መውጣት አሥራ ስድስት ጊዜ ያፋጥነዋል።

ሁለቱን ረድፎች እናነጻጽር። በ40 ዲግሪ ውህደቱ አምስት ጊዜ ሲፋጠን አጸግብሮቱ አራት ጊዜ ይፋጠናል፤ በ60 ዲግሪ ውህደቱ አሥራ ሰባት ጊዜ፣ አጸግብሮቱ አሥራ ስድስት ጊዜ። ቁጥሮቹ እንዲህ መቀራረባቸው አጋጣሚ ቢሆንም ትምህርቱ አጋጣሚ አይደለም። ሙቀት አይመርጥም። የምንፈልገውን ውህደት በሚያፋጥንበት ልክ የማንፈልገውን ኦክሲዴሽንና የአሴታል መፈጠርንም ያፋጥናል። ፈሳሹን ሌሊቱን ሙሉ በሙቅ ውኃ ውስጥ ያሳደረ ሰው ጊዜን አላሳጠረም፤ የቀናትን ለውጥ በአንድ ሌሊት አስገደደ እንጂ።

ማማሰል ግን ይመርጣል። የድርብርቦቹን ውፍረት ይቀንሳል እንጂ የሞለኪውሎቹን የአጸግብሮት ኃይል አይጨምርም። አየር እንዳይገባ ከተጠነቀቅን ውህደቱን በመቶዎች እጥፍ ሲያፋጥን ኬሚካዊውን ለውጥ እምብዛም አይነካውም። ስለዚህ «ማቆየት ወይስ ማማሰል?» ለሚለው ጥያቄ የፊዚክስ መልስ ማማሰል ነው።

ከዚህም አንድ ጠቃሚ የአሠራር ቅደም ተከተል ይወጣል። ሙቀት መጠቀም ካስፈለገ መሞቅ ያለበት ብቻውን ያለው ግሊሰሪን ነው፤ ምክንያቱም በእርሱ ውስጥ ገና የሚበላሽ ኒኮቲንም ሆነ የሚለወጥ ቅመም የለም። የሞቀውና የቀጠነው ግሊሰሪን ከፕሮፒሊን ግላይኮል ጋር ይማሰላል፤ ከቀዘቀዘም በኋላ ቅመሙ፣ በመጨረሻም ኒኮቲኑ እየተማሰለ ይጨመራል። ጠርሙሱ እስከ አንገቱ መሞላቱ፣ ክዳኑ መጥበቁና በቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ መቀመጡ የኦክስጅንንና የብርሃንን ድርሻ ይቀንሳል። ይህ ቅደም ተከተል ከኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ይልቅ በመድኃኒትና በመዋቢያ ቅባቶች ቅመማ ላይ ለሚሠሩ ተማሪዎች የበለጠ ይጠቅማል። ሙቀትን የሚቋቋመውን አስቀድሞ ማሞቅ፣ የማይቋቋመውን መጨረሻ ላይ መጨመር የታወቀ የሙያ ሥርዓት ነውና።

መለካትን በሚመለከትም አንድ ነጥብ እንጨምር። ግሊሰሪን በመስፈሪያው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር በይዘት ከመስፈር ይልቅ በሚዛን መመዘን ይሻላል። እፍጋቱ በአንድ ሚሊ ሊትር 1.26 ግራም ስለሆነ 70 ሚሊ ሊትር ግሊሰሪን 88.2 ግራም ይመዝናል። የፕሮፒሊን ግላይኮል እፍጋት 1.04 በመሆኑ 30 ሚሊ ሊትሩ 31.2 ግራም ነው።

ከጊዜ የሚበልጥ ጉዳይ

ፈጥኖም ይድረስ ዘግይቶ፣ የፈሳሹን ደኅንነት የሚወስነው የቆየበት ጊዜ አይደለም። ጥንካሬው በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም የሆነ የኒኮቲን ፈሳሽ 10 ሚሊ ሊትሩ 1,000 ሚሊ ግራም ኒኮቲን ይይዛል። ለረጅም ዘመን ለአዋቂ ሰው ገዳይ ነው ተብሎ ሲጠቀስ የኖረው መጠን 60 ሚሊ ግራም ነበር። ኦስትሪያዊው የመድኃኒት ሳይንስ ሊቅ በርንድ ማየር በ2014 እ.ኤ.አ. ይህ አኃዝ እጅግ ዝቅ ያለ መሆኑን አስረድተው፣ በአፍ ሲወሰድ ገዳዩ መጠን ከ500 ሚሊ ግራም በላይ እንደሚሆን ገምተዋል። በዚህ ከፍ ባለው ግምት እንኳ ትንሿ ጠርሙስ ለአዋቂ ሰው አስጊ ናት፤ ለሕፃን ደግሞ ከዚህ እጅግ ያነሰው ይበቃል። ኒኮቲን በቆዳም በኩል ይገባል፤ እርጥብ የትምባሆ ቅጠል የሚለቅሙ ሠራተኞች በማቅለሽለሽና በማዞር የሚታመሙት በዚህ ምክንያት ነው።

«ለምግብ የተፈቀደ ነው» የሚለው ማረጋገጫም ለሳንባ አይሠራም። ዳያሴቲል የቅቤ ጣዕም የሚሰጥ የምግብ ቅመም ነው። ሆኖም በ2000 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት በአንድ የፈንዲሻ ፋብሪካ ውስጥ እንፋሎቱን ሲተነፍሱ የኖሩ ሠራተኞች ትናንሾቹን የሳንባ ቧንቧዎች በሚዘጋ የማይድን በሽታ መያዛቸው ታወቀ። በ2009 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከመረመራቸው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ናሙናዎች በአንዱ ውስጥ መርዛማው ዳይኢቲሊን ግላይኮል አንድ በመቶ ያህል ተገኝቷል። በ2019 እ.ኤ.አ. በዚያው አገር በተከሰተው የሳንባ ጉዳት እስከ የካቲት 2020 ድረስ 2,807 ሰዎች ለሆስፒታል ወይም ለሞት መዳረጋቸው ሲመዘገብ፣ ከእነርሱ 68ቱ ሞተዋል። ለዚህ አደጋ በዋናነት የተጠረጠረው በካናቢስ ፈሳሾች ውስጥ ለማወፈሪያነት የተጨመረው ቫይታሚን ኢ አሲቴት ነው፤ በሆድና በቆዳ ላይ ጉዳት የማያደርስ ነገር ለሳንባ ግን ገዳይ ሆነ። እነዚህን ጉድለቶች ማቆየትም ሆነ ማማሰል አያርማቸውም።

ቀላል ሙከራ

በሦስት ተመሳሳይ ብርጭቆዎች ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ግሊሰሪን እኩል ይጨመር። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ጠብታ ቀይ የምግብ ቀለም ይንጠብ። የመጀመሪያው ሳይነካ ይቀመጥ፤ ሁለተኛው ሳይነካ በሙቅ ውኃ ሳህን ውስጥ ይቀመጥ፤ ሦስተኛው በማንኪያ ለሁለት ደቂቃ ይማሰል። በየአሥር ደቂቃው የታየው ይመዝገብ። በሦስተኛው ብርጭቆ ቀለሙ አስቀድሞ ወደ ቀጫጭን ክሮች ተስቦ ከዚያ በኋላ ሲጠፋ ይታያል። እነዚያ ክሮች ከላይ የተናገርንላቸው ድርብርቦች ናቸው።

ማጠቃለያ

አንድን ሂደት ከማፋጠናችን በፊት ስንት ሂደቶች እንደሆኑ መጠየቅ ይገባናል። በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውህደት በማማሰል ይፋጠናል፤ ለዚያም ሳምንታት አያስፈልጉም። ከውህደቱ በኋላ የሚቀጥለው ግን መብሰል ሳይሆን ኬሚካዊ ለውጥ ነው፤ ሙቀትም ይህንኑ ለውጥ ያበዛዋል። ጊዜ በራሱ አያበስልም፤ የሚሠራው በውስጡ የሚካሄደው ሂደት ነው።

መልመጃ

1. የድርብርቦች ውፍረት ከ1 ሚሊ ሜትር ወደ 0.25 ሚሊ ሜትር ቢቀንስ የዲፊዩዥን ጊዜ ስንት ጊዜ ያጥራል?

2. በሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ኒኮቲን ካለው ፈሳሽ ተነሥቶ፣ በሚሊ ሊትር 3 ሚሊ ግራም የያዘ 60 ሚሊ ሊትር ድብልቅ ለማግኘት ስንት ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል? ሰውየው የነጥቡን ቦታ ቢስትና አሥር እጥፍ ቢጨምርስ የድብልቁ ጥንካሬ ስንት ይሆናል?

3. ቅመሙ ከተጨመረ በኋላ ከማሞቅ ይልቅ ግሊሰሪኑን ለብቻው ማሞቅ ለምን ይመረጣል?

መልስ፤ 1) 16 ጊዜ። 2) 1.8 ሚሊ ሊትር፤ ስሕተቱ ግን ጥንካሬውን በሚሊ ሊትር 30 ሚሊ ግራም ያደርሰዋል፤ ይህም ከአውሮፓ ኅብረት ጣሪያ በላይ ነው። ሦስተኛውን አንባቢው ከጽሑፉ ያገኘዋል።